በፎር ዊል መኪና ሬጉላሪቲ ራሊ እንዴት ይወዳደሩታል?

ፎር ዊል መኪና ያላቸው ወዳጆቼ፣ ዱባይ ያለውም ዴንቨር ያለውም፣ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ራሊ መወዳደር እፈልጋለሁ፤ መኪናዬ ግን የውድድር መኪና አይደለችም። ይሆናል?» ይሆናል። ሬጉላሪቲ የሚባለውን የራሊ ዓይነት ምረጡ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አዘጋጁ መንገዱን የሚያሳይ ሮድ ቡክ ይሰጣችኋል። አብሮም የምትጠብቁትን አማካይ ፍጥነት ይነግራችኋል፤ ለምሳሌ በሰዓት 36 ኪሎሜትር። መንገዱ ላይ ያለፋችሁበት ሰዓት የሚያዝባቸው፣ የት እንዳሉ የማይነገራችሁ መቆጣጠሪያዎች አሉ። በተባለው ፍጥነት ብትነዱ እያንዳንዱ ቦታ ላይ በስንት ሰዓት፣ በስንት ደቂቃ፣ በስንት ሰከንድ መድረስ እንዳለባችሁ ይታወቃል። ከዚያች ሰከንድ ብትቀድሙ ነጥብ ይቆጠርባችኋል። ብትዘገዩም ይቆጠርባችኋል። በመጨረሻ ትንሽ ነጥብ የተቆጠረበት ያሸንፋል።

መኪናችን አሮጌ ናት ብላችሁ አትሸማቀቁ። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ2021 ጀምሮ የሚካሄደው ዳካር ክላሲክ የሬጉላሪቲ ውድድር ነው። በ2022፣ በ2023 እና በ2024 አንደኛ የወጣችው አሮጌዋ ኤችዲጄ 80 ላንድክሩዘር ናት። እርግጥ እናንተ በዳካር አትጀምሩም። የመኪና ክለቦች በፒስታና በጫካ መንገድ የሚያዘጋጁትን የአንድ ቀን ውድድር ፈልጉ። አሜሪካ ያላችሁ «ቲ ኤስ ዲ ራሊ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሬጉላሪቲ እዚያ የሚጠራው በዚህ ስም ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለመኪናዋ፦

- ሙሉ መጠን ያለው ስኮርታ ጎማ። ትንሿ ጊዜያዊ ጎማ ለፒስታ አትሆንም።
- ክሪክ፣ የጎማ ቁልፍ፣ ከክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ። ጣውላው ከሌለ ክሪኩ አሸዋና ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል።
- የንፋስ መለኪያና ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር
- መጎተቻ ገመድ፣ ሻክል፣ አካፋ
- እሳት ማጥፊያ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን፣ ባለሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ፣ በቂ የመጠጥ ውሃ

ለናቪጌተሩ (ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ መንገድና ሰዓት ለሚነግረው)፦

- ሁለት ኪሎሜትር ቆጣሪ። አንዱ ከጎማ የሚቆጥር፣ ሌላው በጂፒኤስ የሚሠራ ቢሆን ጥሩ ነው። የስልክ መተግበሪያም ይበቃል።
- ሰከንድ የሚያሳዩ ሁለት ዲጂታል ሰዓቶች
- ክሊፕቦርድ፣ ሁለት ሦስት እርሳስ፣ ማድመቂያ፣ ካልኩሌተር
- የግንባር መብራት፣ የስልክ ቻርጀርና ትርፍ ገመድ
- የማቅለሽለሽ መድኃኒት። በሚንገጫገጭ መኪና ውስጥ ለሰዓታት ወረቀት ማንበብ ቀልድ አይደለም። አንዳንዱ መድኃኒት እንቅልፍ ያመጣልና ከውድድሩ ቀን በፊት ሞክሩት።

አሠራሩ

1. ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ። የሬጉላሪቲ ውድድሮች በስም ቢመሳሰሉም ደንባቸው ይለያያል። አራት ነገር ፈልጉ። ጂፒኤስና ስልክ ይፈቀዳል? ካሊፎርኒያና ኔቫዳ ውስጥ በሚካሄደው የሴቶች ሪቤል ራሊ ለምሳሌ ሁለቱም ክልክል ናቸው፤ በካርታና በኮምፓስ ነው። ነጥብ የሚቆጠረው በሰከንድ ነው ወይስ በደቂቃ መቶኛ? መቅደም ከመዘግየት የበለጠ ያስቀጣል? ብትቸገሩና ብትቆሙ የጊዜ ማካካሻ መጠየቅ ይቻላል? የእነዚህን መልስ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ክሊፕቦርዱ ላይ አስቀምጡ። መንገድ ላይ ደንብ የሚያነብ ጊዜ የለውም።

2. ኢንሹራንሳችሁን ደውላችሁ ጠይቁ። ብዙ የመኪና ኢንሹራንስ «ሰዓት የሚያዝበት ውድድር» ላይ ለደረሰ ጉዳት አይከፍልም። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። አዘጋጁ የራሱ የመድን ሽፋን ካለው ምን ምን እንደሚሸፍን ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ የሌላውን ሰው ንብረት እንጂ የእናንተን መኪና አይጨምርም።

3. መኪናዋን ጋራዥ አስገቧት። ፍሬን፣ ቺንጊያ፣ ባሌስትራና ሞላ፣ አሞርቲዘር፣ የመሪ መገጣጠሚያዎች ይታዩ። ፍሬኑን በተለይ። ሰዓት ለመጠበቅ ስትሉ ከምታስቡት በላይ ፍሬን ትይዛላችሁ፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ የጋለ ፍሬን አይይዝም። ኋላ የተጫነውን ሁሉ በቀበቶ እሰሩ። ያልታሰረ ክሪክ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ወንበር ይመጣል።

4. የጎማ ንፋሱን ወስኑ፤ ከዚያ አትቀያይሩት። አስፋልት ላይ 36 ፒኤስአይ የምትይዝ መኪና ለጠጠር መንገድ ወደ 28፣ ለለስላሳ አሸዋ ወደ 18 ገደማ ብትወርድ ትረጋጋለች። ከ15 በታች አትውረዱ፤ ስትታጠፉ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። የመኪናችሁ ክብደትና ጭነት ቁጥሩን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋልና ቀድማችሁ ሞክሩ። «አትቀያይሩት» ያልኩበት ምክንያት ቀጥሎ ይመጣል። ንፋስ ሲቀንስ ጎማው በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ትንሽ ያጥራል፤ ቆጣሪያችሁም ይሳሳታል።

5. ኪሎሜትር ቆጣሪያችሁን ከአዘጋጁ ጋር አስማሙት። አዲስ ሰው ነጥብ የሚያባክነው እዚህ ነው። መሪ አያያዝ ላይ አይደለም።

አዘጋጁ መንገዱን በራሱ መኪና ለክቶታል። የእሱ አንድ ኪሎሜትርና የእናንተ አንድ ኪሎሜትር እኩል አይደሉም። ትክክለኛው የማን ነው ብላችሁ አትከራከሩ፤ ለዚያ ቀን ትክክለኛው የእሱ ነው። ለዚህ ብሎ ከመነሻው አጠገብ የመለኪያ መንገድ ያዘጋጃል። እንዲህ አድርጉ፦

- ጎማው እስኪሞቅ ጥቂት ኪሎሜትር ንዱ።
- የመለኪያው መነሻ ምልክት ላይ ቆጣሪውን ዜሮ አድርጉ።
- በውድድሩ በምትነዱበት ዓይነት ፍጥነት፣ መስመራችሁን ሳትለቁ እስከ መጨረሻው ምልክት ሂዱ።
- አዘጋጁ የሰጠውን ርቀት እናንተ ላነበባችሁት አካፍሉ።

የአዘጋጁ 12.40 ኪሎሜትር ነው እንበል። የእናንተ ቆጣሪ 12.71 አለ። 12.40 ሲካፈል ለ12.71፣ 0.976 ገደማ ይመጣል። ይህን ቁጥር ቆጣሪው የሚቀበል ከሆነ አስገቡለት። የማይቀበል ከሆነ ናቪጌተሩ የሚያነበውን ሁሉ በ0.976 ያባዛል።

ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች። በ36 አማካይ ፍጥነት 10 ኪሎሜትር ስትሄዱ ግን ቆጣሪያችሁ 10.25 ይላችኋል። እናንተም «ፈጥነናል» ብላችሁ ፍጥነት ትቀንሳላችሁ። መቆጣጠሪያው ጋ ስትደርሱ 25 ሰከንድ አሳልፋችኋል። ሹፌሩ ምንም አላጠፋም።

ፎር ዊል መኪና ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ከጎማ የሚቆጥር ቆጣሪ፣ ጎማው ባለበት ሲሾርም መኪናዋ የሄደች እየመሰለው ይቆጥራል። አሸዋና ጭቃ ላይ ርቀቱን አብዝቶ የሚያነበው ለዚህ ነው። ፎር ዊሉ በእጅ የሚገባ መኪና ካላችሁ ሴንሰሩን የፊት ጎማ ላይ አስገጥሙ፤ ፎር ዊል ባላስገባችሁበት ጊዜ የፊት ጎማ ጉልበት ስለማያገኝ አይሾርም። የጂፒኤስ ቆጣሪ ጎማ ቢሾር ግድ የለውም፤ ጥምዝምዝ መታጠፊያ ላይ ግን ማዕዘን እየቆረጠ ርቀቱን ያሳንሳል፤ ጥቅጥቅ ያለ ጫካና ገደል ውስጥ ደግሞ ሲግናል ይጠፋበታል። ሁለት ያዙ ያልኩት ለዚህ ነው። አሸዋ ላይ ጂፒኤሱን እመኑ፤ ጥምዝምዝ ዳገት ላይ የጎማውን።

ሎው (ከባዱን የፎር ዊል ማርሽ) አስገብታችሁ አንድ ኪሎሜትር መንዳትም አትርሱ። በአንዳንድ መኪና ሎው ሲገባ ቆጣሪው የተሳሳተ ርቀት ያነባል። ይህን የምታውቁት ቤታችሁ አካባቢ ቢሆን ይሻላል።

6. ሰዓታችሁን አስተካክሉ፤ ቋንቋችሁንም። መነሻው ጋ የውድድሩ ይፋዊ ሰዓት አለ። ሁለቱንም ሰዓት ከእሱ ጋር በሰከንድ አስተካክሉ። ስልኬ ልክ ነው ብላችሁ አትለፉ፤ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ቀኑን ሙሉ አንድ ሰከንድ የሳተ ሰዓት በእያንዳንዱ መቆጣጠሪያ አንድ ሰከንድ ያስከፍላል።

አሁን የእኛ ሰው ብቻ የሚገባበት ጉድጓድ አለ። የመነሻ ሰዓታችሁ ወረቀቱ ላይ 14:07 ተብሎ ተጽፏል። እኛ ይህን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሰባት ነው የምንለው። ናቪጌተሩ «ስምንት ከሰባት» ይላል፤ ሹፌሩ 08:07 ብሎ ይሰማል፤ ወይም ተቃራኒው። የቀኑ ሙቀት ላይ፣ እንቅልፍ ያላያችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ይህ ስህተት የእውነት ይመጣል። ስለዚህ መኪናዋ ውስጥ ከገባችሁ ጀምሮ የሚነገረው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው፦ «አሥራ አራት ዜሮ ሰባት»። ያገራችሁን አቆጣጠር ለምሳ አቆዩት።

አሜሪካ ውስጥ የምትወዳደሩ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ብዙዎቹ ውድድሮች ደቂቃን የሚከፍሉት ለ60 ሰከንድ ሳይሆን ለ100 ነው። 14.50 ተብሎ ቢጻፍ 14 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ማለት ነው። አንዷ መቶኛ 0.6 ሰከንድ ናት። ሰዓታችሁ ወይም መተግበሪያችሁ በየትኛው እንደሚያሳይ አረጋግጡ።

7. ሮድ ቡኩን በእርሳስና በማድመቂያ አዘጋጁ። እያንዳንዱ መስመር ሦስት ነገር ይይዛል፦ ከመነሻው ያለውን ርቀት፣ የመታጠፊያውን ሥዕል፣ ማስታወሻ። በሥዕሉ ላይ ነጥቧ የመጣችሁበት ነው፤ ቀስቷ የምትሄዱበት። ብዙ የሜዳ ውድድሮች አደጋን በቃለ አጋኖ ያሳያሉ። አንድ ! ጥንቃቄ ነው። !!! ደግሞ ፍጥነት ሳትቀንሱ ብትገቡበት መኪናዋ ልትገለበጥ የምትችልበት ቦታ ነው።

ሦስት ነገር በተለያየ ቀለም አድምቁ፦ አማካይ ፍጥነት የሚለወጥበትን፣ አደጋውን፣ እርስ በርስ በጣም የተቀራረቡ መታጠፊያዎችን። በሁለት መታጠፊያዎች መካከል ከ200 ሜትር ያነሰ ካለ ናቪጌተሩ ሁለቱንም አንድ ላይ ማንበብ አለበት፤ የመጀመሪያውን አልፎ ሁለተኛውን ሲፈልግ ያልፈዋል። ከማድመቃችሁ በፊት ሙሉውን አንድ ጊዜ ለሹፌሩ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ያልገባችሁ ሥዕል ካለ አዘጋጁን የምትጠይቁት አሁን ነው።

8. የሰዓት ሠንጠረዡን ሥሩ። ሒሳቡ አንድ ነው፦ 3600ን ለአማካዩ ፍጥነት አካፍሉ። የምታገኙት አንድ ኪሎሜትር የሚፈጀውን ሰከንድ ነው።

- 30 ከሆነ 120 ሰከንድ
- 36 ከሆነ 100 ሰከንድ
- 40 ከሆነ 90 ሰከንድ
- 45 ከሆነ 80 ሰከንድ
- 48 ከሆነ 75 ሰከንድ
- 50 ከሆነ 72 ሰከንድ

በማይል ለሚወዳደሩም ያው ነው፤ ኪሎሜትር ባለበት ማይል አስገቡ።

ምሳሌ እንሥራ። መነሻችሁ 09:12:00 ነው። እስከ 4.20 ኪሎሜትር አማካዩ 36 ነው፤ ከዚያ እስከ 9.80 ወደ 45 ይለወጣል። የመጀመሪያው ክፍል 4.20 ሲባዛ በ100፣ 420 ሰከንድ፣ ማለትም 7 ደቂቃ። ፍጥነቱ የሚለወጥበት ቦታ ላይ መድረስ ያለባችሁ 09:19:00 ነው። ሁለተኛው ክፍል 5.60 ሲባዛ በ80፣ 448 ሰከንድ፣ ማለትም 7 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ። 9.80 ላይ 09:26:28 መሆን አለባችሁ።

አሁን በየግማሽ ኪሎሜትሩ መድረሻ ሰዓቱን ጽፋችሁ ሙሉ፤ በሮድ ቡኩ ላይ ያሉትን መታጠፊያዎችም ጨምሩ። ለምሳሌ 6.00 ኪሎሜትር ላይ 09:21:24 ይሆናል። ይህን ሁሉ መተግበሪያው ይሠራልኛል የምትሉ አላችሁ። ይሠራል። ስልኩ ሲግል የሚጠፋው ግን ሁልጊዜ ፀሐይ ዳሽቦርዱ ላይ ስትወጣ ነው፤ ወረቀቱ አይግልም።

9. ቶሎ ድረሱ፣ በልክ ተነሱ። መነሻው ጋ ቢያንስ 10 ደቂቃ ቀድማችሁ ቁሙ። ነዳጅ፣ ሽንት ቤት፣ ውሃ፣ ሁሉም ያለቀ ይሁን። የመነሻ ሰከንዳችሁ ሲደርስ ቆጣሪው ዜሮ ላይ መሆኑን ናቪጌተሩ አፍ አውጥቶ ይናገር። ስትነሱ ጎማ አታሹሩ፤ ቆጣሪው ገና ሳትንቀሳቀሱ ይሳሳታል። ከቆመ ስለምትነሱ ወዲያው ሦስት አራት ሰከንድ ትዘገያላችሁ። አትደንግጡ፤ በመጀመሪያው ኪሎሜትር ቀስ ብላችሁ መልሱት።

10. መኪናዋ ውስጥ ሦስት ቃል ብቻ ይነገር። ናቪጌተሩ የሚለው «ቀድመናል አራት»፣ «ዘግይተናል ስድስት» ወይም «ልክ ነን» ነው። ከእነዚህ ሌላ የሚናገረው መታጠፊያና አደጋ ብቻ። «ትንሽ ፍጠን»፣ «ኧረ ቀስ» የሚባል ነገር አይሠራም፤ ትንሽ ስንት ነው? ፕላስና ማይነስም ተዉት፤ አንዱ ፕላስን መቅደም ሲለው ሌላው መዘግየት ይለዋል። ባልና ሚስት ሆናችሁ የምትወዳደሩ ከሆነ ይህን ደንብ ከሌላው ሁሉ በላይ አክብሩት። የቤት ጉዳይ ከመጨረሻው መቆጣጠሪያ በኋላ ይነሳል።

ሹፌሩ የመኪናዋን የፍጥነት መለኪያ አይተማመንበት። መለኪያዎች ከእውነቱ ከፍ አድርገው እንዲያሳዩ ነው የሚሠሩት። 36 እያያችሁ የምትነዱት 34 ሊሆን ይችላል። የሚተማመነው ናቪጌተሩ በሚነግረው ሰከንድ ነው።

ለመመለስ ይህን ሒሳብ ያዙ። አማካዩ 36 ሆኖ 20 ሰከንድ ከዘገያችሁ አንድ ኪሎሜትር በ45 ብትነዱ ሃያውም ይመለሳል፤ በ36 አንድ ኪሎሜትር 100 ሰከንድ ነው፣ በ45 ደግሞ 80። 10 ሰከንድ ከቀደማችሁ ግማሽ ኪሎሜትር በ30 ብትነዱ ይበቃል። ጋዝ ረግጦ መዝለል አያስፈልግም። በ36 አንድ ሰከንድ 10 ሜትር ናት፤ ሁለት የመኪና ርዝመት አካባቢ።

11. መንገድ ከሳታችሁ ወዲያው ቁጥር ጻፉ። ቆጣሪው ከሮድ ቡኩ ጋር አልገጠመም፤ ሥዕሉም ከምታዩት ጋር አይመሳሰልም። 200 ሜትር ሄዳችሁ ካልተገጣጠመ ተመለሱ። «ቀጥሎ ይመጣል» እያሉ መሄድ ነው ሁለት ኪሎሜትር የሚያስኬደው።

መታጠፊያው 7.35 ላይ ነበር እንበል። አልፋችሁ ሄዳችሁ፣ ዞራችሁ፣ መታጠፊያው ጋ ስትመለሱ ቆጣሪው 7.97 አለ። ቆጣሪው ማስተካከል የሚቻል ከሆነ 7.35 አድርጉት። ካልሆነ ከዚህ በኋላ ከምታነቡት ሁሉ 0.62 ቀንሱ፤ ይህን ቁጥር በትልቁ ክሊፕቦርዱ ላይ ጻፉት። ሰዓቱን ግን አትንኩት። ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ የዘገያችሁትን ሠንጠረዡ ራሱ ይነግራችኋል።

ባልሳታችሁም ጊዜ ቢሆን ሮድ ቡኩ ላይ ርቀቱ የተጻፈ ግልጽ ምልክት፣ ድልድይ ወይም መስቀለኛ መንገድ ስታገኙ ቆጣሪውን ከእሱ ጋር አስተካክሉ። ስህተት የሚጠራቀመው ሲተዉት ነው።

12. ከባዱን ቦታ በመንገዱ ልክ ንዱት። ሰዓት መያዝ ያለበት ከቦታው በፊትና በኋላ ነው። ድንጋያማ ዳገት፣ ውሃ፣ አሸዋ ከፊታችሁ እንዳለ ሮድ ቡኩ ከነገራችሁ፣ ደንቡ መቅደምን በድርብ የማይቀጣ ከሆነ፣ ሦስት አራት ሰከንድ ቀድማችሁ ግቡ፤ ውስጡ ትከፍሉታላችሁ። ፎር ዊሉን ከመግባታችሁ በፊት አስገቡ። ከተያዛችሁ በኋላ ማስገባት ጉድጓድ መቆፈር ነው።

ውሃ ላይ ጥልቀቱን ሳታውቁ አትግቡ። የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ የምትችለውን ጥልቀት ይነግራችኋል። ከገባችሁ በዝግታና በአንድ ፍጥነት ውጡ፤ መሐል ላይ ማርሽ አትቀይሩ።

አሸዋ ላይ መኪናዋ መስመጥ ከጀመረች እግራችሁን ከጋዝ አንሱ። ጎማ ባሾራችሁ ቁጥር ወደ ታች ነው። ውረዱ፣ ከጎማው ፊት ያለውን በአካፋ ጥረጉ፣ ንፋስ ትንሽ ቀንሱ፣ በመጣችሁበት ወደ ኋላ ውጡ። ደንቡ የጊዜ ማካካሻ የሚፈቅድ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት አስሉና ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ጥያቄው ከሚቀጥለው መቆጣጠሪያ በፊት መድረስ አለበት።

13. መቆጣጠሪያውን ስታዩ ምንም አትቀይሩ። ሰሌዳው ብቅ ሲል ፍሬን ይዞ መንፏቀቅ ወይም መቆም በብዙ ውድድሮች የተከለከለ ነው፤ ያስቀጣል። በነበራችሁበት ፍጥነት እለፉ። ናቪጌተሩ ያለፋችሁበትን ሰዓት በሰከንድ ይጻፍ። ከዚያ ወዲያው ወደ ሮድ ቡኩ ይመለስ። ከመቆጣጠሪያ ቀጥሎ ያለው መታጠፊያ ብዙ ሰው የሚስተው ነው፤ ሁሉም ስንት ሰከንድ እንደሳተ እያሰበ ያልፈዋል።

ማስጠንቀቂያ

- ፎር ዊሉ በእጅ የሚገባ መኪና ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብታችሁ አትንዱ። የፊትና የኋላ ጎማ እኩል ስለማይዞሩ ካምቢዮውና መገጣጠሚያዎቹ ይጨነቃሉ፣ ይሰበራሉ።
- መንገዱ ለሌላ ሰው አልተዘጋም። ከብት፣ ብስክሌት፣ በተቃራኒ የሚመጣ መኪና አለ። የፍጥነት ወሰኑ እንዳለ ነው። የትራፊክ ቅጣት ከውድድር ሊያስወጣችሁ ይችላል።
- ከፊታችሁ ያለው መኪና አቧራ ካለበሳችሁ ራቁ። በአቧራ ውስጥ መቅደም አይታሰብ። የዘገያችሁት ሰከንድ በኋላ ይመለሳል።
- ጎማ ካስተነፈሳችሁ በኋላ አስፋልት ላይ ከመውጣታችሁ በፊት መልሳችሁ ሙሉ። ንፋስ ያጣ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይግላል፣ ይፈነዳል።
- ስትጎትቱም ስትጎተቱም ገመዱ አጠገብ ማንም አይቁም። ገመዱን መኪና ለመጎተት ተብሎ በተሠራ መንጠቆ ላይ እንጂ ፓራውርቶ ላይ አትሰሩ።

የተለመዱ ስህተቶች

*ጠዋት አስማምቶ ከሰዓት ንፋስ መቀየር።* ለአሸዋው ብላችሁ ንፋስ ከቀነሳችሁ ቆጣሪውን እንደገና አስማሙት፤ ሮድ ቡኩ ላይ በሁለት ግልጽ ምልክቶች መካከል ያለውን ርቀት መጠቀም ይቻላል።

*አማካይ የሚለወጥበትን ቦታ ዘግይቶ ማየት።* ናቪጌተሩ 300 ሜትር ሲቀር «አርባ አምስት ይመጣል» ብሎ ያሳውቅ። ለውጡ የሚቆጠረው ከቦታው እንጂ እናንተ ካያችሁበት አይደለም።

*ሰከንዷን ማሳደድ።* ሁለት ሰከንድ ዘግይተው ጋዝ ይረግጣሉ፣ ሦስት ይቀድማሉ፣ ፍሬን ይይዛሉ። ሁለት ሰከንድና ከዚያ በታች ከሆነ ሹፌሩ ምንም አያድርግ።

*ሹፌሩ ሒሳብ መሥራት።* የሹፌር ዓይን መንገድ ላይ ነው። ናቪጌተሩ ከተሳሳተም አብራችሁ ተሳሳቱ፤ ለሁለት ሆናችሁ ስታስሉ ሁለት መልስ ይመጣል።

*ውጤት ሳያዩ መሄድ።* ውጤቱ ሲለጠፍ ናቪጌተሩ የጻፋቸውን ሰዓቶች ከተለጠፈው ጋር አንድ በአንድ ያስተያይ። የማይገጥም ካለ የሰዓት መመዝገቢያ ካርዳችሁን ይዛችሁ ጠይቁ። አቤቱታ የሚቀበሉት ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።